ገደሉ ሲንቀሳቀስ፦ የፋይፈር ካንየን ድልድይ በስምንት ወር እንዴት ተተካ

ካርታ ላይ ብታዩት ምንም የሚያስገርም ነገር የለውም። ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ከሞንተሬይ ወደ ደቡብ ፓስፊክን ተከትሎ በሚወርደው ሀይዌይ 1 ላይ ያለ፣ መቶ ሜትር እንኳን የማይሞላ ድልድይ ነው። ከሥሩ ትንሽ ጅረት ይወርዳል። ግራና ቀኙ ሬድውድ የሚባለው ረጅም ዛፍ የበቀለበት ጠባብ ገደል ነው። በመኪና ለማለፍ ጥቂት ሰከንድ ይበቃል። ወደዚያ የሚሄደው ሰው የሚጓጓው ለባሕሩ ስለሆነ፣ ድልድይ ላይ መሆኑንም ሳያስተውል የሚያልፈው ብዙ ነው።

በየካቲት 2017 ይህ ድልድይ ተሰነጠቀ። (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በመጋቢት ፈረሰ፣ በጥቅምት 13 አዲሱ ተከፈተ። ስምንት ወር ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሥራ በተለመደው አካሄድ ከመጀመሪያው ጥናት እስከ ሪባን መቁረጡ ሰባት ስምንት ዓመት ይፈጃል። እኔን የሳበኝ ግን ፍጥነቱ ብቻ አይደለም። መሐንዲሶቹ አሮጌውን ድልድይ የገደለው ምን እንደሆነ በትክክል ለይተው፣ ያንን አንድ ነገር ከአዲሱ ላይ ማንሳታቸው ነው። ያነሱት እግሩን ነው።

መጀመሪያ ስለ ቦታው ትንሽ ልበል፣ ቦታው ካልገባን የቀረው አይገባንም።

ቢግ ሰር ይባላል። የሳንታ ሉሲያ ተራሮች ከባሕሩ ጫፍ ቀጥ ብለው የሚነሱበት የባሕር ዳርቻ ነው። ሜዳ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። መንገዱ የተራራውን ወገብ እየቆረጠ ነው የሚሄደው፤ አንዱ ወገን ተራራ፣ ሌላው ወገን ገደልና ውቅያኖስ። ዓለቱ ደግሞ አንድ ወጥ አይደለም። ብዙ ቦታ ላይ በጥንት የመሬት እንቅስቃሴ የተፈጨ፣ የተቀላቀለ፣ በእጅ ብትነኩት የሚፈረካከስ ዓይነት ነው። እንዲህ ያለ ተራራ ዝናብ ሲጠጣ ወደ ባሕሩ መውረድ ይፈልጋል። ሁሌም ሲወርድ የኖረ ነው፣ እኛ ነን መሃሉ ላይ መንገድ ያስገባነው።

መንገዱ ራሱ ታሪክ አለው። ሥራው የተጀመረው በ1919 ሲሆን ያለቀው በ1937 ነው። 18 ዓመት ማለት ነው፣ ያውም በከፊል በእስረኞች ጉልበት። ከዚያ በፊት የቢግ ሰር ሰው ክረምት ሲመጣ ከዓለም ይቆረጥ ነበር፤ የነበረው የጋሪ መንገድ ጭቃ ሲሆን አያስኬድም። በዚህ መስመር ላይ በጣም ታዋቂው ድልድይ የቢክስቢ ክሪክ ድልድይ ነው። በ1932 የተሠራ፣ ፎቶውን ሁላችሁም አንድ ቦታ አይታችሁታል፦ ነጭ ትልቅ የኮንክሪት ቅስት፣ ከኋላው ባሕር። የቅስቱ ስፋት 320 ጫማ ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

የፋይፈር ካንየኑ አሮጌ ድልድይ ግን የተሠራው በ1968 ነው። ኮንክሪት ነው። እንደ ብዙዎቹ የዘመኑ ድልድዮች ገደሉ ውስጥ ምሰሶ ተተክሎለት፣ ከላይ ውስጡ ክፍት የሆነ እንደ ሣጥን ያለ ተሸካሚ ተጋድሞበታል። ለ49 ዓመት ሥራውን ሠራ። እርጅና ነበረበት ወይ? አዎ፣ 49 ዓመት ለኮንክሪት ድልድይ ጥቂት አይደለም፣ በተለይ ጨዋማ አየር ባለበት። ግን እርጅናው አይደለም የገደለው። አንድ ድልድይ አርጅቷል ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ፌሮው ዝጎ፣ ኮንክሪቱ ተሰነጣጥቆ፣ ራሱን መሸከም ሲያቅተው ነው። ይኸኛው ከዚያ የተለየ ነው።

ክረምቱን አስታውሱ። ካሊፎርኒያ አምስት ዓመት ያህል ከባድ ድርቅ ላይ ከርማለች። ከዚያ የ2016-17 ክረምት መጣ፣ የሰሜን ካሊፎርኒያ ተራሮች ከተመዘገቡት ሁሉ የበለጠ ዝናብ ያገኙበት። በዚያው የየካቲት ወር ነው በሰሜን የኦሮቪል ግድብ የውሃ ማስተንፈሻው ተበልቶ ወደ 188 ሺህ ሰው ከቤቱ እንዲወጣ የታዘዘው። የዜናው ሁሉ ዓይን እዚያ ነበር። ቢግ ሰር ላይ ያለ አንድ ትንሽ ድልድይ መሰንጠቁ መጀመሪያ ላይ ብዙም ወሬ አልሆነም።

የሆነው ይህ ነው። ዝናቡ ሳያቋርጥ ሲወርድ የገደሉ ቁልቁለት ውሃ ጠገበ። አፈር በቁልቁለት ላይ ቆሞ የሚቆየው ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ስለሚያያዙና ስለሚፋተጉ ነው። ውሃ በመካከላቸው ሲሞላ ቅንጣቶቹን ገፍቶ ያላቅቃቸዋል፣ መያያዙ ይደክማል። በዚያ ላይ ውሃው ራሱ ክብደት ነው። ስለዚህ ወደ ታች የሚጎትተው ሲጨምር ወደ ላይ የሚይዘው ይቀንሳል። አንድ ቀን ሚዛኑ ይዞራል። ቁልቁለቱ ተንቀሳቀሰ፣ ምሰሶው የቆመው ደግሞ እሱ ላይ ነው። መሬቱ ሲሄድ ምሰሶውም አብሮ ሄደ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የጉዳዩ እምብርት ይኸው ነው። ምሰሶ ጥቂት ቢንቀሳቀስ ድልድዩ ለምን ያልቅለታል? ጥቂት ብቻ አይደለም ወይ?

ኮንክሪት ሲጨመቅ ጎበዝ ነው፣ ሲሳብ ግን ምንም አያውቅም። ስለዚህ መሳብ በሚመጣበት ቦታ ላይ ፌሮ እንቀብርለታለን። ጥያቄው መሳቡ የት ይመጣል ነው። በሁለት ምሰሶ መካከል ያለ ተሸካሚ ወደ ታች ስለሚጎብጥ የሚሳበው ከሥሩ ነው፣ ፌሮውም የሚበዛው ከሥር ነው። ምሰሶ አናት ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ ግራና ቀኙ ወደ ታች ስለሚጎብጥ የሚሳበው የላይኛው ፊት ነው፣ ፌሮው የሚበዛው ከላይ ነው። ንድፍ አውጪው ይህን ሁሉ ያሰላው ምሰሶው ባለበት ይቆያል ብሎ ነው። ምሰሶው ከቦታው ሲነሳ ግን ካርታው ሁሉ ይዛባል። ከላይ እንዲሳብ የታሰበው ቦታ አሁን ከሥር ይሳባል፣ እዚያ ደግሞ በቂ ፌሮ የለም። ኮንክሪቱ ይሰነጠቃል፣ ተሸካሚው ይሰምጣል። ጥሩ ኮንክሪት መሆኑ አያድነውም። አዲስም ቢሆን ኖሮ ያው ነበር።

የካሊፎርኒያ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት፣ ካልትራንስ፣ ስንጥቁን እንዳየ መንገዱን ዘጋ። መጀመሪያ ላይ ምናልባት ይጠገን ይሆናል የሚል ተስፋ ነበር። ግን ቀያሾቹ በለኩ ቁጥር ድልድዩ ወርዶ ነው የሚያገኙት። ስንጥቁ እየሰፋ፣ መሃሉ እየጎበጠ ሄደ። በቀናት ውስጥ አይጠገንም ተባለ። ከመኪና አልፎ እግረኛም እንዳይሻገር ተከለከለ።

ያኔ ነው ከዚያኛው ወገን ያሉት ሰዎች ያሉበት ሁኔታ የገባቸው።

ሀይዌይ 1 በቢግ ሰር ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚያልፈው ብቸኛው ዋና መንገድ ነው። ከፋይፈር ካንየን በስተ ደቡብ ደግሞ ሌሎች የመሬት መንሸራተቶች መንገዱን ዘግተውታል፣ ዋናው ፖልስ ስላይድ የሚባለው ነበር። ተራራውን አቋርጦ ወደ ውስጥ አገር የሚወጣ ናሲሚየንቶ-ፈርጉሰን የሚባል ጠባብና ጠመዝማዛ መንገድ አለ፣ ግን እሱም የሚገኘው ከፖልስ ስላይድ ወዲያ ማዶ ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በሰሜን በተሰነጠቀ ድልድይ፣ በደቡብ በናዳ፣ በምሥራቅ በተራራ፣ በምዕራብ በውቅያኖስ ተከበው ቀሩ። ነዋሪዎቹ ራሳቸው “የቢግ ሰር ደሴት” ብለው ጠሩት። ቀልድ ነው፣ ግን በጣም ቀልድም አይደለም።

ትምህርት ቤቱ ከድልድዩ ሰሜን ነው፣ ልጆቹ ደቡብ። ሥራውም፣ ሐኪሙም፣ ገበያውም ሰሜን ነው። ዕቃ በሄሊኮፕተር መጣ። ኤሳለን የሚባለው ታዋቂ የማረፊያና የሥልጠና ማዕከል እንግዶቹን በሄሊኮፕተር አስወጥቶ ዘጋ። አንድ የቅንጦት ሆቴል ደግሞ በሚያዝያ እንግዶችን በሄሊኮፕተር እያመጣ መሥራት ጀመረ፤ እዚያው አጠገብ ሰው ወተትና ዳቦ በትከሻው ተሸክሞ ገደል ይወጣል። ሁለቱም እውነት ነው፣ በአንድ ሰፈር፣ በአንድ ሳምንት።

ገደል መውጣት ስል ማጋነኔ አይደለም። ሰው መጀመሪያ በጫካው ውስጥ ራሱ ባበጀው ዱካ መሻገር ጀመረ። አደገኛ ነበር። በኋላ የካሊፎርኒያ ስቴት ፓርኮች ድልድዩን የሚዞር በአግባቡ የተሠራ የእግር መንገድ ከፈቱ። ግማሽ ማይል ቢሆን ነው፣ ግን ቀጥ ያለ ዳገት አለበት። ልጆች ቦርሳቸውን አዝለው በእሱ ትምህርት ቤት ተመላለሱ። ሁለት መኪና ያለው ቤተሰብ አንዱን ከዚህ አንዱን ከዚያ አቆመ፣ አንድ ያለው ደግሞ ከጎረቤቱ ጋር ተቀናጀ። መጀመሪያ መንገዱ ለነዋሪዎች ብቻ ነበር፣ ከሐምሌ 1 ጀምሮ ለጎብኚም ክፍት ሆነ። በእግሩ ተሻግሮ መኪና የሌለበትን ሀይዌይ 1 በብስክሌት ያየ ሰው እስከ ዛሬ ያወራል።

ወደ ሥራው ልመለስ። አሁን ምን ይሠራ?

የመጀመሪያው ሐሳብ የሚመጣባችሁ ተገጣጣሚ የብረት ድልድይ፣ ቤይሊ የሚባለው፣ ለጊዜው ይጣል የሚል ይሆናል። ሠራዊት በአንድ ቀን የሚገጥመው ዓይነት። ችግሩ ርዝመቱ ነው። ገደሉ 300 ጫማ አልፏል፤ ቤይሊ ያን ያህል ርቀት መሃል ላይ ሳይደገፍ አይሻገርም። ድጋፍ ለመትከል ደግሞ ያው የሚንሸራተተው መሬት ላይ ነው የምትመለሱት። እንደ አሮጌው በምሰሶ ልሥራ ብትሉም ያው ነው። ጥልቅ መሠረት ቆፍራችሁ እስከ ዓለቱ ትወርዱ ይሆናል፣ ግን ለመቆፈር የሚመጣው ማሽን ራሱ በዚያ ቁልቁለት ላይ መቆም አለበት፣ ሠራተኛውም። ለዚያውም ቁልቁለቱ ሲወርድ ምሰሶውን ከጎኑ እየገፋ ነው። ጎርፍ የሚገፋውን ምሰሶ አስቡ፣ ይኸኛው ጎርፍ ግን አፈርና ድንጋይ ነው፣ ቀስ ይላል እንጂ አይተውም።

ስለዚህ የተወሰነው ይህ ነው፦ ገደሉ ውስጥ ምንም አይቆምም። ከዳር እስከ ዳር አንድ ዝላይ፣ 310 ጫማ፣ ወደ 95 ሜትር። ሁለቱ ጫፎች ብቻ ይደገፋሉ። ገደሉ ከፈለገ ይውረድ፣ ድልድዩን የሚይዝበት እግር አያገኝም።

ቢክስቢን አስታውሱ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። የ1932ቱ ሰዎችም ተመሳሳይ ገደል ፊት ቆመው 320 ጫማ በአንድ ቅስት ዘለሉ፣ የቅስቱንም እግሮች ግራና ቀኝ ዓለት ላይ አስቀመጡ። ዛሬም አለ። ማዕበልና የመሬት መንቀጥቀጥ ባለበት አገር 85 ዓመት የቆመ ድልድይ ጎረቤት ላይ እያለ፣ የ49 ዓመቱ ወደቀ። የ1968ቱን ሰዎች ለመውቀስ አይደለም፤ ምሰሶ መትከል ርካሽ ነው፣ በዘመኑም ያየው ሁሉ ልክ ነው ይል ነበር። ርካሽ የሆነበት ምክንያትም አለ።

ስሌቱ እንዲህ ነው። በሁለት ጫፍ ብቻ የተደገፈ ተሸካሚ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን መሃሉን የሚያጎብጠው ኃይል እጥፍ አይሆንም፣ አራት እጥፍ ይሆናል። ምሰሶ ማንሳት ማለት ያንን ዋጋ መክፈል ነው። ተሸካሚው በጣም ጥልቅ መሆን አለበት፣ ብረቱ መብዛት አለበት፣ ብረቱ ሲበዛ ደግሞ የራሱ ክብደት ይጨምርና ያንንም መሸከም አለበት። የአሮጌውና የአዲሱን የጎን ፎቶ ብታስተያዩ አዲሱ ወፍራም ጎን ነው ያለው። ለዓይን አሮጌው ቀጠን ያለ ነበር። ውበቱን በእግር ከፍሎ ነው ያገኘው።

ለምን ብረት፣ ለምን ኮንክሪት አይሆንም? ጊዜ ነው መልሱ። እንዲህ ያለ ኮንክሪት ቦታው ላይ ለማፍሰስ ከሥሩ የድጋፍ ማማ ያስፈልጋል፣ ያ ማለት ደግሞ በሚንሸራተተው ቁልቁለት ላይ ደን የሚያህል ድጋፍ መትከል ነው። ከዚያ ኮንክሪቱ እስኪጠነክር ትጠብቃላችሁ። ብረት ግን ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል፣ በዚያው ጊዜ ቦታው ላይ አሮጌው ይፈርሳል፣ የጫፎቹ መሠረት ይቆፈራል። ሁለት ሥራ ጎን ለጎን ይሄዳል። ስምንት ወሩ የተገኘው ከዚህ ነው በአብዛኛው። የቀረው የተገኘው ከወረቀቱ ነው። አደጋ ጊዜ ስለሆነ ካልትራንስ ለወራት ጨረታ አላወጣም፣ ጎልደን ስቴት ብሪጅ የሚባል ተቋራጭ በአስቸኳይ ውል ወዲያው ገባ። ንድፉ ሙሉ በሙሉ ሳያልቅ ብረት ታዘዘ። ይህን በሰላሙ ጊዜ የሚያደርግ መሥሪያ ቤት የለም፣ ሊያደርግም አይገባውም። አንድ ስሌት ቢሳሳት የታዘዘው ብረት ሁሉ ፍርስራሽ ነው።

ማፍረሱ በጣም የሚገርም ነበር። ይወድቃል ተብሎ እግረኛ እንኳን የተከለከለበት ድልድይ ሲያፈርሱት አልወድቅም አለ! በመጋቢት አጋማሽ በክሬን የተንጠለጠለ ከባድ የብረት ኳስ አምጥተው ደጋግመው ቀጠቀጡት። ሰው ካሜራ ይዞ ከዳር ቆሞ ይጠብቃል። ኳሱ ይወድቃል፣ ኮንክሪት ይበታተናል፣ ድልድዩ ግን ባለበት አለ። ቀናት ፈጀ። በመጨረሻ ገደሉ ውስጥ ወደቀ፣ ከዚያ ፍርስራሹን ከሬድውዶቹ መካከል ለቅሞ ማውጣት ሌላ ሥራ ሆነ። ብዙ ሰው ይህን አይቶ “ታዲያ ይህን ያህል ጠንካራ ከነበረ ለምን ዘጋችሁት?” ብሏል። ጥያቄው የዋህ አይደለም፣ መልሱ ግን ቀላል ነው። ድልድይ መቼ እንደሚወድቅ ማወቅ የሚፈለገው ሰው ላዩ ላይ ሳለ ነው። ኳስ ሲመቱት ለአራት ቀን የሚቆም ነገር አንድ ሌሊት ዝናብ ሲዘንብና ምሰሶው ሌላ አንድ ጊዜ ሲንሸራተት ምን እንደሚሆን ማንም አይነግራችሁም።

ከዚያ ጫፎቹ ተሠሩ። ብረቱ በረዥም ከባድ መኪና ተቆራርጦ መጣ፣ በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ። እያንዳንዱ ቁራጭ በአሥሮች ቶን የሚመዘን ነው። ቢክስቢ ላይ እንዴት አድርገው እንደተሻገሩ ሳስብ ሹፌሮቹን ባገኛቸው እላለሁ። የእነሱን ታሪክ የጻፈ ሰው አላየሁም፣ ሁሉም የሚያወራው ስለ መሐንዲሱ ነው።

ቀጣዩ ጥያቄ፦ 95 ሜትር ብረት ገደል ላይ እንዴት ይቀመጣል? ክሬን ሊያነሳው ይችል ይሆናል፣ ክሬኑ ግን የት ይቁም? ያንን ሁሉ ክብደት ይዞ እጁን የሚዘረጋ ክሬን ከሥሩ የማይነቃነቅ መሬት ይፈልጋል፣ እሱ ደግሞ የለም። መልሱ መግፋት ነበር። ከገደሉ ዳር፣ መንገዱ ላይ፣ ብረቶቹን በብሎን እያያያዙ ርዝመታቸውን አበጁ። ከሥራቸው መሽከርከሪያ አደረጉ። ከዚያ በሃይድሮሊክ ጃክ እየገፉ ገደሉ ላይ ቀስ በቀስ አወጡት። ጠረጴዛ ላይ ያለ ማስመሪያን ወደ ጫፉ እንደምትገፉት ማለት ነው። ሞክሩት፣ ከግማሽ በላይ ሲወጣ ይወድቃል። ስለዚህ ከኋላ በቂ ክብደት መኖር አለበት፣ ፊቱ ደግሞ መቅለል አለበት። የሚወጣው ጫፍ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይዘነብላል፤ ማዶ ሲደርስ ከድጋፉ በታች ሆኖ እንዳይመጣ ያ ሁሉ አስቀድሞ መሰላት አለበት። በጣም የሚያስጨንቀው ሰዓት ማዶ ከመንካቱ በፊት ያለው የመጨረሻው ነው፦ የሚንጠለጠለው ከሁሉም የበለጠ ረዝሟል፣ ገና ግን ምንም አልያዘም።

በበጋው ብረቱ ተሻገረ። ከላዩ የኮንክሪት መሄጃ ፈሰሰ፣ አጥርና መንገድ ተሠራ። መጀመሪያ የታሰበው እስከ መስከረም መጨረሻ ማድረስ ነበር፣ ሁለት ሳምንት አለፈ። ማንም አልተናደደም። በጥቅምት 13፣ አርብ ቀን፣ ተከፈተ። ወጪው ወደ 24 ሚሊዮን ዶላር።

ውድ ነው? ነው። ለ310 ጫማ ድልድይ 24 ሚሊዮን ዶላር ስትሰሙ ዓይናችሁ ይፈጥጣል። ግን በዓመት ሚሊዮኖች የሚጎበኙት መንገድ ነው። አንድ ሰፈር ሙሉ ከቱሪስት የሚያገኘው ገቢ ለስምንት ወር በአብዛኛው ቆሟል። በሰባት ዓመት ቢሠራስ ኖሮ ርካሽ ይሆን ነበር? የድልድዩ ዋጋ ምናልባት አዎ። የሰፈሩ ግን ምን ይተርፈው ነበር? እኔ በበኩሌ በጣም የሚቆጨኝ ወጪው አይደለም። እንዲህ ያለ ፍጥነት ድልድዩ ከተሰነጠቀ በኋላ ብቻ መገኘቱ ነው። እዚያው መስመር ላይ እግራቸውን ቁልቁለት ላይ ያሳረፉ ሌሎች ድልድዮች አሉ፣ እነሱ ደግሞ ገና ስላልተሰነጠቁ በሰባት ዓመቱ መስመር ነው የሚጠብቁት።

ስለ አካባቢው ጥናት አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው “ቢሮክራሲውን ማንሳት ነው እንጂ ሁሉም በስምንት ወር ይሆናል” ብሎ ይደመድማል። ባሕር ዳር ያለ ጅረት ላይ መሥራት ቀላል ነገር አይደለም። የካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻ ኮሚሽን አለ፣ የዓሣና የዱር አራዊት ሰዎች አሉ፣ በጅረቶቹ ሽቅብ እየሄዱ የሚራቡ ዓሦች አሉ፣ የአንድ ሺህ ዓመት ዕድሜ ሊኖራቸው የሚችሉ ዛፎች አሉ። እነዚህ ጥናቶች በሰላሙ ጊዜ ዓመታት የሚበሉት ለመጉላላት ብቻ አይደለም። እዚህ ገደሉን ባዶ መተዉ ራሱ ጥያቄውን አቅልሎታል ብዬ አስባለሁ። ጅረቱ ውስጥ የሚቆም ነገር ከሌለ፣ ስለ ጅረቱ የሚነሳው ጭቅጭቅም ግማሹ ይቀራል። ምሰሶ ማስቀረት የዓለት ጥያቄ መስሎ ጀምሮ የዓሣም መልስ ሆነ።

ሁልጊዜ ግን ድልድይ ነው መልሱ ማለት አይደለም። በጥር 28 ቀን 2021፣ ከዚሁ ድልድይ ደቡብ፣ ራት ክሪክ የሚባል ሌላ ጅረት ላይ መንገዱ ተበላ። ከዚያ በፊት በነበረው በጋ ዶላን የሚባለው ሰደድ እሳት ተራራውን አቃጥሎት ስለነበር፣ ዝናብ ሲመጣ ጭቃ፣ ድንጋይና የተቃጠለ ዛፍ አብሮ ወረደ። መንገዱ ሥር የነበረውን የውሃ ቱቦ ደፈነው። ውሃው መውጫ ሲያጣ በላዩ ሄደ፣ ወደ 150 ጫማ የሚሆን መንገድ ይዞ ባሕር ገባ። ያኔ ድልድይ ይሠራ ወይስ ይሞላ የሚል ጥያቄ ነበር። ሞሉት። አፈር ደልድለው፣ ከበፊቱ የሰፋ ቱቦ ቀብረው፣ በሚያዝያ 23 ከፈቱት። ሦስት ወር እንኳን አልሞላም፣ ወጪውም ከድልድይ በጣም ያነሰ ነው። እዚያ የተንሸራተተ ቁልቁለት አይደለም የነበረው፣ የታነቀ ቱቦ ነው። በሽታው ሲለያይ መድኃኒቱም ይለያያል። ቢሆንም ቱቦ የሰፋ ቢሆን ቱቦ ነው፣ ቀጣዩ እሳት ምን ያህል ዛፍ እንደሚያወርድ አይጠይቅም።

አሁን ወደ 2017 ልመልሳችሁና ያልነገርኳችሁን ልንገራችሁ። ድልድዩ እየተሠራ ሳለ፣ ግንቦት 20፣ በደቡብ በኩል መድ ክሪክ የሚባለው ቦታ ላይ ተራራው በአንድ ጊዜ ወረደ። በሚሊዮን የሚቆጠር ኪዩቢክ ያርድ አፈርና ድንጋይ። ሩብ ማይል መንገድ ከሥሩ ቀበረ፣ ባሕሩ ላይ ደግሞ 13 ኤከር የሚሆን አዲስ መሬት ዘረጋ፤ የአገሩ ካርታ ተለወጠ ማለት ነው። ዝናቡ ካቆመ ሳምንታት አልፈዋል፣ ገዥው ድርቁ አብቅቷል ብሎ ካወጀ ወር አልፎታል፣ ሰው ክረምቱ አለቀ ብሎ ተንፍሷል። ውሃው ግን ተራራው ውስጥ ነበር።

ስለዚህ በጥቅምት 13 ሰዉ ደስ ብሎት አዲሱን ድልድይ ሲሻገር፣ መንገዱ ከዚያ በኋላ ወደ ሎስ አንጀለስ አያደርስም ነበር። ከሰሜን መግባት ይቻላል፣ ወደ ደቡብ ግን ሄዶ ሄዶ መድ ክሪክ ላይ ያቆማል። በዚያ ናዳ ላይ ካልትራንስ ሌላ 54 ሚሊዮን ዶላር አወጣ፣ አዲሱን መንገድም የወረደው አፈር ራሱ ላይ አሳለፈው። የተከፈተው በሐምሌ 18 ቀን 2018 ነው፣ ከድልድዩ ዘጠኝ ወር በኋላ።